ሚኒስትሪው በሰኔ ያልቃል፣ መስከረምስ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁን ስከፍት ከግማሽ በላዩ ስለ 8ኛ ክፍል ነው፣ ወቅቱ ነዋ። ስሙ ክልላዊ ፈተና ነው ግን እኛ ሰሜን ሸዋ አሁንም ሚኒስትሪ ነው የምንለው፣ እኔም አፌ ስለለመደው እንደዛው ልበል። ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ፈተናው ነው። 22 አመት ሳስተምር ግን የቆጨኝ ሚኒስትሪ የወደቀ ልጅ አይደለም፣ እሱስ ደግሞ ይፈተናል፣ የቆጨኝ በደህና ውጤት አልፎ 9ኛ ገብቶ ህዳር ሚካኤል ሳይደርስ ደብተሩን ጠቅልሎ አገሩ የተመለሰ ልጅ ነው። ስለዚህ መልሴ ሁሉ ወደ መስከረም ቢያዘነብልባችሁ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን ሰነበቱ። ደብዳቤውን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያለነው መንዝ ነው፣ ሞላሌ ለመድረስ በእግር 3 ሰአት ያስኬደናል። ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ትጨርሳለች፣ ከክፍሏ 2ኛ ናት። እኛ ቀበሌ ያለው ትምህርት ቤት እስከ 8 ነው፣ ከዛ በላይ ከተማ ገብታ ክራይ ቤት ይዛ ነው። አባቷ ሴት ልጅ ብቻዋን ክራይ ቤት ምን ትሰራለች ይላል፣ ሲረጋጋ ደሞ እሺ እስከ 10 ትማርና ማትሪኳን ትውሰድ ከዛ ይበቃታል ይላል፣ የሚጠይቃት ሰውም አለ። እኔ ግራ ገብቶኛል። ክራይ ቤት ምን አይነት ቤት ነው፣ ምን ላስይዛት፣ እንዴትስ ትኖራለች? (እትዬ ይሄን እማዬ አላለችም እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ መማር እፈልጋለሁ።)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ አንቱ አትበይኝ፣ እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ። ቅንፍ ውስጥ ያለችውን ሶስት ጊዜ አነበብኳት፣ ልጅቷ ይሄን ደብዳቤ ጮክ ብላ ስታነብልሽ እሷን ዘላ እንዳነበበች ደሞ እርግጠኛ ነኝ።

ባለቤትሽ የሚያስበው የድሮውን ስርአት ነው። የ10ኛ ክፍል ማትሪክ የሚባለው ከ2012 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን 9ኛና 10ኛ ሁሉም ተማሪ አንድ አይነት ነው የሚማረው፣ 11ኛ ላይ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይ ማህበራዊ ሳይንስ ይመርጣል፣ ሀገር አቀፉ ፈተና 12ኛ ላይ ነው። እሱም ቢሆን ከ2015 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ መፈተን ተጀምሮ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ ያኔ አገሩ ሁሉ እንዴት እንደደነገጠ አስታውሳለሁ። እና 10ኛ ላይ ታቁም ማለት መኪናው መሃል መንገድ ላይ ሲደርስ ውረጂ ማለት ነው፣ በእጇ የሚቀር የፈተና ወረቀት እንኳን አይኖራትም። ስለሚጠይቃት ሰው ደሞ፣ የቤተሰብ ህጉ 18 አመት ነው የሚለው፣ 8ኛ ክፍል ያለች ልጅ ስንት ሊሆናት ነው። ይሄን እኔ ብለው የከተማ ወሬ ነው ይለኛል፣ የነፍስ አባታችሁ ቢነግሩት ግን ይሰማል፣ ቄሱን ቀደም ብለሽ ያዢ።

አሁን ወደ ክራይ ቤቱ። ቤቱን መስከረም ላይ አትፈልጊ፣ ነሐሴ ላይ ፈልጊ። መስከረም ሲጠባ የየገጠሩ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከተማ ይገባል፣ ኪራዩ ይወደዳል፣ የሚተርፈውም ከጠጅ ቤት ጀርባ ያለው ወይ በሩ ከውስጥ የማይቆለፈው ክፍል ነው። አባትየው ራሱ ይሂድና ይይ፣ ሲያየው ልቡም ትንሽ ይረጋል። ቤቱን ሲያይ ግድግዳው መለሰኑን ይተው፣ በሩ ከውስጥ መቆለፉን፣ ሽንት ቤቱ ግቢው ውስጥ መሆኑን፣ ሌላው ክፍል ውስጥ ማን እንደተከራየ ይይ። ልጅቷ ብቻዋን አትከራይ፣ ከአንድ ቀበሌ ሁለት ሶስት ሴቶች ይሁኑ፣ ኪራዩንም ይካፈሉታል ብርዱንም ይካፈሉታል። ባለቤቲቱ ግቢው ውስጥ የሚኖሩ ትልቅ ሴትዮ ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ አይብ ወይ ቅቤ ይዘሽ ሄደሽ አደራ በያቸው፣ በእኛ አገር አደራ የተባለ ሰው ተከራይ ጠባቂም ይሆናል።

ስንቁን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ። እኔ የምነግርሽ አንቺ የማታይውን ነው። የገጠር ልጆች አርብ ከሰአት ወደ ቤት ይሄዳሉ እሁድ እንጀራ አዝለው ይመለሳሉ፣ ያ እንጀራ እሮብ ድረስ ነው የሚይዘው፣ ብርድ ከሆነ ሐሙስ። እኔ ሐሙስና አርብ ክፍል ስገባ ማን ከክራይ ቤት እንደመጣ ስም ሳልጠራ በፊታቸው ነበር የምለየው፣ ጠዋት ሶስት ሰአት ላይ ያዛጋሉ፣ ጥያቄ ስትጠይቂያቸው አይንሽን አያዩም። ሰነፍ ሆነው አይደለም ርቧቸው ነው። ስለዚህ በሶውን ሳምንቱ ሙሉ አትብላው፣ ቋጥረሽ የሐሙስና የአርብ ነው በያት። ገንዘብ ደሞ ሁሉንም በእጇ አትስጪያት፣ ትንሽ ለራሷ ሌላውን ባለቤቲቱ ጋ አስቀምጪ፣ የወር አበባ ሲመጣባት የምትገዛበት ግን በእጇ ይኑር፣ በሱ ምክንያት በየወሩ ሶስት አራት ቀን ከክፍል የምትቀር ስንት ልጅ አይቻለሁ መሰለሽ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አደራ ልበልሽ፣ ከሰል። እኔ 9ኛ ስገባ ሶስት ሆነን ነበር የተከራየነው፣ ጠባብ ቤት፣ አንድ መስኮት። ታህሳስ ነው፣ የታህሳስን ውርጭ ታውቂዋለሽ፣ ማታ በከሰል ሽሮ ሰራንና ምድጃውን ማውጣት ሰነፍን፣ እንዲያውም ይሙቀን ብለን አልጋው ስር አስጠጋነው፣ በሩን ዘግተን መስኮቱን በጨርቅ ወትፈን ተኛን። ሌሊት ላይ ጭንቅላቴ ለሁለት ሊሰነጠቅ ሲል ነቃሁ፣ ልነሳ ብል እግሬ አልታዘዘኝም፣ ተንከባልዬ ከአልጋ ወደቅኩና በሩን በእጄ ደበደብኩት። የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ ሰምተው በሩን ገንጥለው ነው ሶስታችንንም ጎትተው ጤዛ ላይ ያስተኙን፣ አንዷ ጓደኛዬ እስኪነጋ ድረስ የሷን ስም እንኳን ስንጠራት አታውቅም ነበር። እና ጭስ አልነበረውም እኮ! ከሰሉ ፍም ሆኖ ቀልቶ ነበር፣ እኛም ጭሱ ስላለቀ ደህና ነው ብለን ነው። የሚገድለው ግን የማይታየውና የማይሸተው ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት። ለልጅሽ ሳይንሱን ባታስረጃትም እንዲህ በያት፣ ምድጃ በር ላይ ይቀጣጠላል፣ በር ተከፍቶ ይበሰልበታል፣ ከመተኛት በፊት ውጪ ያድራል። ለብርዱ ባና፣ የበግ ጸጉር ብርድ ልብሱን፣ አስይዣት፣ የመንዝ ሰው ባና አጥቶ በከሰል ሲሞት ያሳፍራል።

ቅዳሜ ቤት ስትመጣ ደሞ ውሃ ቅጂ፣ ፍጪ፣ በጎቹን መልሺ ብለሽ አትጨርሻት። ታግዝሽ፣ ግን ቅዳሜ ማታ ለደብተሯ ይቅር። አንቺ ቅንፍ ውስጥ የጻፍሽው ልጅ ደሞ፣ ይሄንን መልስ ለእናትሽ ስታነቢላት እሱንም አንብቢላት፣ አሁንማ እኔ አውጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነሽ እትዬ፣ እኔ ከእነዋሪ ነኝ 8ኛ ክፍል ነኝ። ሂሳብ እወዳለሁ እንግሊዝኛ ግን ጠላቴ ነው። ወንድሜ 9ኛ ነው ያለው፣ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው ይላል፣ የባዮሎጂ ደብተሩን ከፍቼ አየሁት አንድም አልገባኝም። ጓደኞቼ ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን ኮርስ ሊገቡ ነው፣ አባዬ ደሞ ክረምት ስራ አለ ይላል። ምን ላርግ?

መልስ፦ ወንድምህ አልዋሸም። 9ኛ ላይ ከአማርኛ በስተቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ሌላም ያልነገረህ ነገር አለ፣ አሁን አጠቃላይ ሳይንስ ብለህ በአንድ መጽሐፍ የምትማረው እዛ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ሆኖ ሶስት ይከፈላል፣ ህብረተሰብ ደሞ ጂኦግራፊና ታሪክ ይሆናል፣ ኢኮኖሚክስ የሚባል አዲስ ይመጣል። መምህሩ በየክፍለ ጊዜው ይለዋወጣል፣ አንዱ ኖት ያጽፋል አንዱ ያወራል አንዱ ገጽ ሰጥቶ አንብቡ ይላል። እና መስከረም ላይ ሲደነግጥ የማይ ልጅ የለም፣ አንተ ቀድመህ በመደንገጥህ አትርፈሃል።

ኮርሱ ይቅርብህ። ጥሩ ኮርስ የለም እያልኩ አይደለም፣ ግን ብዙዎቹ የ9ኛን ምዕራፍ አንድና ሁለት በሩጫ አስጨርሰው ነው የሚለቁህ፣ አንተ የቸገረህ ምዕራፉ አይደለም ቋንቋው ነው። የወንድምህን መጽሐፍ ክረምቱን ተቀበለው፣ ከሌለ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ይገኛል። እንግሊዝኛ ልማር ብለህ ግራመር አትጀምር። አንድ ደብተር አዘጋጅና ገጹን ሶስት ቦታ ክፈለው፣ በመጀመሪያው ቃሉን በእንግሊዝኛ፣ በሁለተኛው አነባበቡን በፊደላችን፣ በሶስተኛው ትርጉሙን በራስህ አባባል፣ ስእል የሚሳል ከሆነ ሳለው። በቀን አምስት ቃል ይበቃል፣ አምስት ብቻ። ግን ዝም ብለህ አትሸምድድ። ለምሳሌ ፊዚክስ ላይ ማስ እና ዌይት ታገኛለህ። ማስ መጠነ ቁስ ነው፣ ዌይት ክብደት ነው፣ እኛ ገበያ ላይ ሁለቱንም ኪሎ ስለምንል ልዩነቱ አይታወቀንም። ማስ በኪሎግራም ይለካል የትም ብትወስደው አይለወጥም፣ ዌይት ግን መሬት የምትስብበት ሃይል ስለሆነ በኒውተን ነው የሚለካው፣ ጨረቃ ላይ ብትወጣ ማስህ ያው ነው ክብደትህ ግን ይቀንሳል። ይሄን በአማርኛ በደንብ የገባው ልጅ እንግሊዝኛው ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚጨምርበት። በአማርኛም ያልገባው ግን ሃያ ቃል ቢሸመድድ የትም አይደርስ።

ቀጥሎ የጥያቄ ቃላቶች። ይሄ ላይ ልጆች ሲያልቁ ሳይ ነው የኖርኩት። ዴፋይን ሲል ምንነቱን ተናገር ነው፣ ሊስት ሲል ዘርዝር፣ ኤክስፕሌን ሲል አብራራ፣ ኮምፔር ሲል አነጻጽር፣ ካልኩሌት ሲል አስላ። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ጎበዝ፣ ኤክስፕሌን የሚል አምስት ማርክ ጥያቄ ላይ አራት ቃል ዘርዝሮ ወጣ፣ አንድ ማርክ አገኘ፣ መልሱን ግን ያውቀው ነበር፣ በአማርኛ ስጠይቀው ቁጭ አርጎ ነገረኝ። ሂሳብ እወዳለሁ ስላልክ ደሞ ደስ ብሎኛል፣ 9ኛ ሂሳብ በሴት (በስብስብ) እና በናምበር ሲስተም (በቁጥር ስርአት) ነው የሚጀምረው፣ ክፍልፋይና ኔጌቲቭ ቁጥር ላይ እጅህ ከፈታ እዛ ላይ አትቸገርም።

አባትህን አትጣላው። እነዋሪ ክረምት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ሐምሌና ነሐሴ ቤተሰቡ በሙሉ ጥቁር አፈሩ ላይ ጎንበስ ብሎ በእጁ ሹሩቤ (ውሃ የሚወርድበት ቦይና መደብ) የሚያወጣበት ጊዜ ነው፣ ወገብ ያስቆርጣል። ማታ ግማሽ ሰአት ብቻ ለምነው፣ ላምባም ይሁን የስልክ መብራት። ደሞ ልንገርህ፣ ያ ቀኑን ሙሉ ውሃው ከማሳው እንዲወርድ የምታደርገው ነገር በእንግሊዝኛው ድሬይኔጅ ይባላል፣ ጂኦግራፊ ላይ ስለ ወንዞቻችን ስትማር ድሬይኔጅ ሲስተም እያለ ይመጣብሃል፣ ከናንተ ገደል ስር ያለው ጀማ ወደ አባይ የሚገባውም እዛው ውስጥ ነው። በል እሱን የመጀመሪያ ቃልህ አርገህ ጻፈው።

ጥያቄ፦ እኔ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። የልጄ አያት ስም ሁለት ቃል ነው፣ ትምህርት ቤት ካርዱ ላይ አንድ ላይ ተጣብቆ፣ የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ተነጣጥሎ ነው የተጻፈው፣ በእንግሊዝኛውም እንደዛው ይለያያል። ችግር ያመጣል ይሉኛል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው ጋሼ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስተካክሉት። ሚኒስትሪ ላይ ስም እስከ አያት ነው የሚመዘገበው፣ እዛ ላይ የተጻፈው 9ኛ መመዝገቢያው ይሆናል፣ ከዛ 12ኛ ድረስ እየተገለበጠ ይሄዳል፣ ነገ ፋይዳ ሲያወጣ ፓስፖርት ሲያወጣ አንዷ ፊደል ትይዘዋለች። የልደት ሰርተፍኬቱን ይዘው ርእሰ መምህሩ ጋ ይሂዱ፣ አማርኛውም እንግሊዝኛው ስፔሊንግም እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ በወረቀት ጽፈው ይስጧቸው፣ በቃል አይንገሯቸው። ከፈተናው በፊት በአንድ ማመልከቻ የሚያልቅ ነገር በኋላ ፍርድ ቤት ድረስ ሊወስድዎት ይችላል። ደሞ ልጁ ራሱ ስሙን በእንግሊዝኛ ሁልጊዜ አንድ አይነት አርጎ ይጻፍ፣ ዛሬ በአንድ ኤ ነገ በሁለት ኤ የሚጽፍ ልጅ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው፣ 9ኛን የግል ላስገባው ወይስ መንግስት ይሻለዋል?

መልስ፦ ቅርቡን። የግል ብለሽ ከተማውን አቋርጦ በጠዋቱ ብርድ አንድ ሰአት የሚጓዝ ከሆነ የከፈልሽበትን መንገድ ላይ ነው የሚጥለው። ሁለቱም ቅርብ ከሆኑ ሁለቱም ጋ ሂጂና የ9ኛ ክፍል ሂሳብና እንግሊዝኛ መምህር ዘንድሮ ስንቴ እንደተቀየረ ጠይቂ፣ ህንጻውን አትዪ።

ጥያቄ፦ እትዬ ስሜን አልጽፍም። 17 አመቴ ነው 8ኛ ክፍል ነኝ። እኛ አካባቢ በነበረው ሁኔታ ትምህርት ተዘግቶ ቁጭ ብዬ ነበር፣ አሁን ስመለስ አብረውኝ ያሉት 13 እና 14 አመት ናቸው፣ ጋሼ እያሉ ይጠሩኛል፣ መምህሩም አንድ ቀን ሳቀ። መውጣት ፈልጌያለሁ። ከወጣሁ ጓደኞቼ አዲስ አበባ ስራ አለ ይሉኛል።

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ያ መምህር መሳቅ አልነበረበትም፣ እኔም እንደ መምህር አፍሬልሃለሁ። አንተ ግን አልሰነፍክም፣ ትምህርት ቤቱ ነው የተዘጋው፣ በክልሉ እንዳንተ የተቋረጠበት ልጅ እጅግ ብዙ ነው። አንድ ነገር ብቻ ስማኝ፣ ከሚኒስትሪ በፊት አትውጣ። አዲስ አበባ ያለው ስራ ሐምሌም አለ፣ የሚኒስትሪ ወረቀት ሳይዝ የወጣ ልጅ ግን ነገ ልማር ቢል ከዚችው ከ8ኛ ነው የሚጀምረው፣ ያኔ 17 አይደለም 20 ሆነህ ነው። ወረቀቱን ከያዝክ በኋላ ቀን መማሩ ከከበደህ ማታ 9ኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ያለበት ከተማ ፈልግ፣ ማታ ክፍል ውስጥ አንተ ትንሹ ነው የምትሆነው፣ የ30 አመት ሰው ልጅ አዝላ መጥታ የምትማርበት ክፍል አስተምሬያለሁ።

ጋሼ ለሚሉህ ልጆች ደሞ መልስ አትስጥ። ባይሆን ሁለት ሶስቱን ጥራና ማታ ማታ አብረን እንስራ በላቸው፣ እነሱ ትምህርቱ ትኩስ ነው አንተ ደሞ ማትኮር ታውቃለህ፣ እነሱ የረሳኸውን ያስታውሱሃል አንተ ቁጭ ታስደርጋቸዋለህ። ፈተናው ላይ ጥያቄውን ሳትጨርስ መልስ ወረቀቱን ማጥቆር አትጀምር፣ ደሞ ቁጥር ዘለህ እንዳታጠቁር አንዷን ከዘለልክ ከዛ በታች ያለው ሁሉ ይዛባል፣ በየአስሩ ቁጥሩን አስተያይ። ውጤቱ ሲመጣ ጻፍልኝ፣ ያኔ ስምህንም ጨምርበት።